አራስ ሕፃን ቢጫ ሲሆን፦ ቤት ውስጥ እንዴት እንየው? መቼስ እንሩጥ?

የአራስ ክፍል ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ ነው። መጋረጃው ይዘጋል። በሩ ገርበብ ይላል። ሕፃኑ ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ እስከ ግንባሩ ይጠቀለላል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የሚደረግ ነው። ግን አንድ ችግር አለው። የሕፃን ቢጫነት በጨለማ አይታይም። በአምፖል ብርሃንም በደንብ አይለይም። የሚታየው በቀን ብርሃን፣ ልብሱ ወለቅ ሲል ነው።

የቀኑም ነገር አለ። ቢጫነቱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጀምራል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታል። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ እናቶች ከጤና ተቋም ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። ነርሷ የለችም፣ ሐኪሙም የለም። ያለነው እኛ ነን፤ እናት፣ አባት፣ አያት፣ አክስት። ማከም የሐኪም ሥራ ነው። በጊዜ ማየት ግን የቤተሰብ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያንን ሥራ እንዴት እንደምንሠራው ነው።

ቢጫው ከየት ይመጣል?

ቀይ የደም ሴል ሲያረጅ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይህን ተቀብሎ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይልከዋል፤ ከዚያ በሰገራ ይወጣል። አራስ ሕፃን ከትልቅ ሰው የበለጠ ቀይ የደም ሴል ይዞ ይወለዳል። ሴሎቹም ቶሎ ይፈርሳሉ። ጉበቱ ደግሞ ገና ሥራውን እየጀመረ ነው። ስለዚህ ቢሊሩቢኑ ለጥቂት ቀናት በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቆዳውና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናሉ።

በጊዜያቸው ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6ቱ ገደማ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ ከ10 ውስጥ 8ቱ። በአብዛኞቹ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ቢጫ ባያችሁ ቁጥር ልባችሁ አይውደቅ።

አስፈሪው ቢሊሩቢኑ ከመጠን በላይ ሲሆን ነው። ያኔ ወደ አንጎል ይገባል። አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት አይመለስም። ልጁ መስማት ሊሳነው፣ እጅ እግሩ አልታዘዝ ሊለው፣ ሊሞትም ይችላል። የሚያንገበግበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊ ብርሃን ሕክምና ብቻ መከላከል መቻሉ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የደረስንበት ሰዓት ነው።

1. ከመውጣታችሁ በፊት መረጃውን ያዙ

ከሆስፒታል ወይም ከጤና ጣቢያ ስትወጡ እነዚህን በወረቀት ወይም በስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ የተወለደበትን ቀንና ሰዓት፣ ክብደቱን፣ በስንት ሳምንቱ እንደተወለደ፣ የእናቱን የደም ዓይነት፣ ከተመረመረም የሕፃኑን። ሰዓቱ በጣም አስፈላጊ ነው። ሐኪም የሕፃንን ቢጫነት የሚመዝነው ዕድሜውን በሰዓት ቆጥሮ ነው። የ20 ሰዓት ልጅና የ90 ሰዓት ልጅ እኩል ቢጫ ቢሆኑ እንኳ ጉዳያቸው አንድ አይደለም።

የበለጠ ልትጠነቀቁላቸው የሚገቡ ሕፃናት አሉ። ከ38 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ አንዱ ነው። በቫክዩም ወይም በሌላ መሣሪያ ተስቦ የተወለደና ጭንቅላቱ ላይ የደም እብጠት ያለበትም እንዲሁ፤ ያ የተጠራቀመ ደም ሲፈርስ ቢሊሩቢን ይሆናልና። ታላቁ ወይም ታላቋ በቢጫነት ምክንያት ብርሃን ሥር ገብተው ከነበረም ንገሩ። ጡት በደንብ መያዝ ያቃተው ልጅም ከእነዚሁ ይቆጠራል።

የደም ዓይነት ነገር ከሁሉም በላይ ነው። እናቲቱ አር ኤች ኔጌቲቭ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰዉ ሾተላይ የሚለው ነገር ሊመጣ ይችላል። የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያፈርሰዋል። እናት ኦ ሆና ልጁ ኤ ወይም ቢ ሲሆንም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀለል ይላል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ቶሎና በኃይል ቢጫ ሊሆን ስለሚችል ቤት ከመግባቱ በፊት ምርመራ ቢደረግለት ጥሩ ነው።

2. በየቀኑ በቀን ብርሃን እዩት

የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ፣ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሕፃኑን ወደ መስኮት አምጡት። መጋረጃውን ግለጡ። ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋ። ክፍሉ ሞቅ ያለ ይሁን። ልብሱን ከፈት አድርጉና ከላይ ወደ ታች እዩት፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። ግድግዳው ወይም መጋረጃው ቢጫ ከሆነ ግን ቀለሙ ያታልላል፤ ሌላ መስኮት ፈልጉ። በስልክ መብራት ወይም በፎቶም አትፍረዱ።

እጃችሁን ታጠቡ። በጣታችሁ ግንባሩን ወይም የአፍንጫውን ጫፍ ለአፍታ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ቆዳው ወደ ራሱ ቀለም ሳይመለስ በፊት ያለችውን ቅጽበት ተመልከቱ። ቢጫ ከሆነ ያኔ ይታያል። ቀጥሎ ደረቱን፣ ከዚያ ሆዱን፣ ጭኑን፣ በመጨረሻም የእጁን መዳፍና የእግሩን ውስጥ እንዲሁ አድርጉ። ቢጫነት ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ወደ እግር በወረደ ቁጥር መጠኑ እየጨመረ እንደሆነ ይገመታል።

የእኛ ልጆች ቆዳ ጠይም ነው። አንዳንዱም ሲወለድ ቀይ ሆኖ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ስለዚህ በቆዳ ብቻ መወሰን ያሳስታል። የዓይኑን ነጭ እዩ። ሲያለቅስ ድዱን እዩ። መዳፉንና የእግሩን ውስጥ እዩ። እነዚህ ቦታዎች አይዋሹም ማለት ይቻላል። ግን በዓይን ማየት ለመጠርጠር እንጂ መጠኑን ለማወቅ አይበቃም። የሠለጠነ ሐኪም እንኳ በዓይኑ ብቻ ገምቶ ይሳሳታል። መጠኑን የሚናገረው የደም ምርመራ ወይም ቆዳ ላይ የሚነካ መለኪያ መሣሪያ ነው።

አያት ቤት ካለች ይህን ሥራ ከእሷ ጋር አድርጉት። ብዙ አራስ ያሳደገች ሴት ዓይኗ ሹል ነው። መጋረጃው ሲከፈት ቅር ካላት "እማዬ፣ ብርድ አናስገባም፤ ቢጫ እንዳይሆን ለማየት ነው፤ እስቲ እርስዎም ይዩልኝ" በሏት። እሷ ካመነችበት ከሰዓቱ ዝንፍ ሳትል በየቀኑ የምታየው ራሷ ናት።

3. እንገሩን አትጣሉ፣ ጡቱን አብዙ

ቢሊሩቢን የሚወጣው በሰገራ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ሆዱ ውስጥ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሰገራ አለ። ያ ሰገራ በቢሊሩቢን የተሞላ ነው። ቶሎ ካልወጣ ቢሊሩቢኑ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ያንን ጠርጎ የሚያወጣው እንገር ነው፤ ያ ወፍራሙ፣ ቢጫ የሚመስለው የመጀመሪያ ወተት። አንዳንድ ቤት "ቆሻሻ ነው፣ ሆዱን ያመዋል" ተብሎ እንገሩ ታልቦ ሲደፋ ማየት ያሳዝነኛል። ልጁ በዚያች ሰዓት ከሚያገኘው ሁሉ የሚበልጥበት እሱ ነው።

በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር። ከዚያ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ይጥባ። ቢጫ የሆነ ልጅ እንቅልፋም ይሆናል። "ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ከሦስት ሰዓት በላይ ከተኛ ቀስቅሱት። ልብሱን ፈታ አድርጉ፣ የእግሩን ውስጥ ዳበስ ዳበስ አድርጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ፊቱን ጠረግ አድርጉ። መጥባት ካቃተው ወተቱን በእጅ አልባችሁ በንጹህ ኩባያ ወይም በማንኪያ ስጡት፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ይየው።

ወተቱ መብቃቱን በዳይፐሩ ታውቃላችሁ። ሽንቱ በየቀኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ በአምስተኛው ቀን ገደማ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ማርጠብ አለበት። ጥቁሩ ሰገራ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ቢጫ መቀየር አለበት። አምስት ቀን ሞልቶት ሰገራው አሁንም ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ሽንቱ ጥቂትና ደማቅ ቢጫ ከሆነ ወተት አልደረሰውም ማለት ነው።

ውሃ፣ የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ቅቤ አትስጡት። ውሃ ቢሊሩቢንን አያወጣም። ትንሿን ሆድ ሞልቶ የወተቱን ቦታ ይወስዳል እንጂ።

4. መቼ እንሂድ?

ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ያለባችሁ እነዚህ ሲሆኑ ነው፦

- በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ። ይህ መቼም "የተለመደው" ቢጫነት አይደለም።
- መዳፉ ወይም የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ።
- ጡት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም ከገተረ።
- ለቅሶው ቀጭንና ጩኸት የበዛበት ከሆነ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ፣ ካንቀጠቀጠው።
- ትኩሳቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘ።

በእኛ አገር ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያም በመጀመሪያው ቀን የመጣን ቢጫነት፣ መዳፍና እግር የደረሰን ቢጫነት፣ 14 ቀን የሞላውንም ቢጫነት ከባድ ብሎ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፋል።

ልጁ ፊቱና ዓይኑ ብቻ ቢጫ ሆኖ፣ በደንብ እየጠባ፣ በደንብ እየሸና ከሆነ ነገሩ ይህን ያህል አያጣድፍም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አሳዩት። በሁለት ቀን ውስጥ ደግማችሁ አሳዩ። ይህ እስኪሆን ድረስ የመስኮቱን ምርመራ አታቋርጡ። በተወለደ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ያለው የድኅረ ወሊድ ቀጠሮ ደግሞ ልጁ ቢጫ ባይመስላችሁም እንዳያመልጣችሁ።

ስትሄዱ እናትና ልጅ አብረው ይሂዱ። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ፣ ከላይ ተሸፍኖ ይሂድ፤ በመንገድም ይጥባ። እዚያ ስትደርሱ በወረፋ እንዳትቆዩ ነገሩን በአጭሩ ተናገሩ፦ "ሲስተር፣ ልጄ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከትናንት ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ዛሬ እግሩ ደርሷል፤ ጡትም ቀንሷል። የደም ዓይነቴ ኦ ነው።" እንዲህ ያለች እናት በር ላይ አትቀመጥም።

5. ውጤቱን መጠየቅ

የቢሊሩቢን ቁጥር ሲነገራችሁ ጻፉት። ከጎኑ ደም የተወሰደበትን ሰዓት ጻፉ። ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። 12 ሚሊግራም በመጀመሪያው ቀን ከታየ ከባድ ነገር ነው። ጤነኛና በጊዜው የተወለደ ልጅ ላይ በአምስተኛው ቀን ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። "ዶክተር፣ ለዕድሜው እንዴት ነው? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? መቼ ይደገማል?" ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ብርሃን ሥር ሲገባ

ሕክምናው ፎቶቴራፒ ይባላል። ሰማያዊው ብርሃን ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይቀይረዋል። የተቀየረው ጉበት ሳያስቸግር በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ጨረር ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ እንደ ራጅ አይደለም።

ልጁ ከዳይፐር በቀር ራቁቱን ይተኛል፤ ብርሃኑ የሚሠራው ባረፈበት ቆዳ ላይ ብቻ ስለሆነ። ዓይኑ ይሸፈናል። ሽፋኑ ወርዶ አፍንጫውን እንዳይዘጋ አያችሁ አስተካክሉ። አንጀታችሁ እየተላወሰ ልብስ ልትደርቡለት ትፈልጉ ይሆናል። አትደርቡ፤ ከበረደው ነርሷን ጥሩ። በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ አውጥታችሁ አጥቡት። ሰገራው ቀጭንና አረንጓዴ ሊሆን፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ ብጤ ሊወጣ ይችላል፤ ሲቆም ይጠፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብርሃን ሥር የገባ ልጅ ቆዳው ቶሎ ይነጣል፤ ደሙ ውስጥ ግን ቢሊሩቢኑ ገና ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። "ነጥቷል እኮ፣ እንውጣ" ብላችሁ ሐኪሙን አታስቸኩሉ። ከወጣም በኋላ እንደገና ሊጨምር ስለሚችል ለድጋሚ ምርመራ የተቀጠራችሁበትን ቀን አክብሩ። ቁጥሩ እጅግ ከፍ ካለ ወይም አንጎል የመነካት ምልክት ካለ የልጁ ደም ይቀየራል። ከባድ ሥራ ነው፤ ግን ሕይወት ያድናል።

የጠዋት ፀሐይስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የብርሃን ሕክምናው ራሱ የተገኘው ከፀሐይ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ባለው የሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ጂን ዋርድ ሕፃናትን ወደ ግቢው ፀሐይ ታወጣ ነበር። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ ያሳየችው ልጅ ሰውነቱ ነጥቶ፣ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ዶክተር ሪቻርድ ክሬመርና ባልደረቦቹ ከዚያ ተነስተው በ1958 የመብራት መሣሪያውን ይዘው ቀረቡ።

ታዲያ ፀሐይ ለምን አይበቃም? የሆስፒታሉ መብራት ለሰዓታት፣ ብዙ ጊዜም ቀንና ሌሊት፣ በተመጠነ ኃይል ይበራል። እኛ የምናሞቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልብሱን ካላወለቅን ብርሃኑ አይደርሰውም። ካወለቅነው ደግሞ በደጋ ጠዋት ይበርደዋል፤ ረፈድ ሲል ቆዳው ይቃጠላል። በክረምት ጭራሽ ፀሐይ የለም። ጠዋት ፀሐይ የማሞቅ ልማዳችን ለአጥንቱ ይጠቅማል፣ ይቀጥል። ግን ቢጫ ለሆነ ልጅ እንደ ሕክምና ተቆጥሮ "እስቲ ለጥቂት ቀን ፀሐይ እናሙቀውና እንየው" ሲባል የሚያልፉት ቀናት ናቸው አንጎሉን የሚያስከፍሉት። በቤት አምፖል ወይም በኒዮን መብራት ለማከም መሞከርማ ማቃጠል ነው፤ እንዳታደርጉት።

"የወፍ በሽታ ነው" ተብሎ ወደ መድኃኒተኛ መሄድም አለ። አራስ ሕፃን ቅጠል ማጠጣት፣ ገላውን መብጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሰዋል፣ ኢንፌክሽን ያስገባበታል፣ ጊዜም ይበላል። ከልቤ ነው የምለምናችሁ፤ አታድርጉት።

ትንሽ የምትመስል ግን የማትናቅ ነገር ልጨምር። የታላቁ ልብስ ከሻንጣ ሲወጣ የብል መከላከያ ናፍታሊን ሸቶ ከሆነ በደንብ አጥባችሁ፣ ፀሐይ አስጥታችሁ፣ ሽታው ጨርሶ ሲጠፋ አልብሱት። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ። ናፍታሊን የእነዚህን ልጆች ቀይ ደም በኃይል ያፈርሰዋል፤ ማን እንደሚያንሰው ደግሞ ሳይመረመር አይታወቅም።

ሁለት ሳምንት አልፎም ቢጫ ከሆነ

ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ልጅ አንዳንዴ ሳምንታት፣ እስከ ሦስት ወር ገደማም ቀለል ያለ ቢጫነት ሊቆይበት ይችላል። ክብደቱ እየጨመረ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ጡትም አይቋረጥም። ግን "የጡት ወተት ነው" ብሎ መወሰን ያለበት ሐኪም ነው፣ ያውም መርምሮ። ሁለት ሳምንት ከሞላው ይታይ።

እዚህ ላይ ሰገራውን እዩ። ሰገራው ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ወይም አመድማ ከሆነ፣ ሽንቱም ዳይፐሩን ጠቆር ያለ ቢጫ የሚያቀልም ከሆነ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ውጤቱም የሚያምረው 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ልጁ እየወፈረ፣ እየሳቀም እንኳ ይህ ሊኖርበት ይችላል። የሰገራውን ዳይፐር ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።

ውጭ አገር ለምትወልዱ

አሜሪካ ከሆናችሁ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው በ2022 እ.ኤ.አ. ባደሰው መመሪያ መሠረት ልጁ ከሆስፒታል ሳይወጣ ቢሊሩቢኑ ይለካል። ቁጥሩንና ሰዓቱን ሳትይዙ አትውጡ። እንግሊዝ አገር ቤታችሁ ለምትመጣው አዋላጅ፣ እስራኤል አገር ጢፓት ሃላቭ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ለምታገኟት ነርስ "ቆዳው ስለሆነ ነው እንጂ ቢጫ አይደለም" ብላችሁ አትሸፍኑላት፤ የጠይም ልጅ ቢጫነት በዓይን ስለሚያመልጥ "ይለካልን" በሉ። ሐኪም ቤት ቋንቋው ከከበዳችሁ በእንግሊዝኛ ጆንዲስ፣ በዕብራይስጥ ጻሄቬት፣ በዓረብኛ የረቃን በሉ፤ ይገባቸዋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች መለኪያው ይለያል። 200 ሲሏችሁ አትደንግጡ፤ በሚሊግራም 12 ገደማ ማለት ነው። ወደ ሚሊግራም ለመመለስ ቁጥሩን ለ17 አካፍሉ።

ለሚቀጥለው እርግዝና

እናቲቱ ኔጌቲቭ ሆና የወለደችው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ የሾተላይ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋ። መርፌው የሚቀጥለውን ልጅ ነው የሚጠብቀው። ውርጃ ሲያጋጥምም መወጋት አለባት፤ በሚቀጥለው እርግዝና ደግሞ 28ኛው ሳምንት ላይ ይሰጣል። የደም ዓይነታችሁን ካላወቃችሁ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ተመርመሩ። የአሁኑ ልጅ ብርሃን ሥር ከገባ ደግሞ ከፍተኛ ቁጥሩን፣ የታየበትን ቀንና ምክንያቱን አስጽፋችሁ ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡ። ታናሹ በሚወለድበት ዕለት ለአዋላጇ የምታሳዩት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ይሁን።